«ዶክተር ሁ»፦ ባለቤቱ ያጠፋውን ድራማ ማን አተረፈው?

ኦክቶበር 2013 ላይ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ጉድ የሚያሰኝ ዜና ይዞ ወጣ። ከአርባ ዓመት በላይ ጠፍተው የቆዩ ከ100 በላይ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ተገኙ ይላል። የት? ኢትዮጵያ ውስጥ።

«ዶክተር ሁ» የቢቢሲ የሳይንስ ፊክሽን ተከታታይ ድራማ ነው። እንግሊዞች ዘንድ ልጅም አዋቂም ያውቀዋል። ዜናው በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ፤ የድራማው ወዳጆች ስለ አዲስ አበባ የፊልም መጋዘን ሲያወሩ ሰነበቱ።

ያ ሁሉ ፊልም ከኢትዮጵያ አልወጣም። ወሬው ግን ዝም ብሎ ከሜዳ የተነሳም አልነበረም። ለመሆኑ የለንደን ድራማ ጠፍቶ አፍሪካ ውስጥ የሚፈለገው ለምንድነው? ቢቢሲን የሚያህል ድርጅትስ የገዛ ሥራውን እንዴት ያጣል? ዛሬ ይህንን ከሥሩ እናያለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድራማው ምንድነው?

ላላያችሁት በአጭሩ እንንገራችሁ። «ዶክተር» የሚባል ከሌላ ዓለም የመጣ ተጓዥ አለ። ትክክለኛ ስሙን ማንም አያውቀውም። የድራማው ስምም ራሱ ጥያቄ ነው፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ዶክተር ማን?» እንደ ማለት ነው። ይህ ሰው በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይጓዛል። የሚጓዝባት መሣሪያ «ታርዲስ» ትባላለች። ከውጭ ስትታይ በዚያ ዘመን እንግሊዝ ጎዳና ላይ ትቆም የነበረች ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሣጥን ናት። በሩ ሲከፈት ግን ውስጧ አዳራሽ ያህላል።

የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈው ቅዳሜ ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ቀኑን ልብ በሉት፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ የተገደሉት ከአንድ ቀን በፊት ነበር። ሕዝቡ ድራማ የሚያይበት ልብ አልነበረውም። በዚህ ምክንያት በሳምንቱ ሁለተኛው ክፍል ከመተላለፉ በፊት የመጀመሪያውን እንደገና አሳዩት። አጀማመሩ እንዲህ ደብዘዝ ያለው ድራማ እስከ 1989 ዘለቀ፤ በ2005 እንደገና ተመለሰ። በቅርብ ዓመታት ዶክተሩን ሆኖ ከተጫወቱት አንዱ ንቹቲ ጋትዋ ሩዋንዳ ውስጥ የተወለደ ነው።

በትንሽ ብር፣ በጠባብ ስቱዲዮ

ነገሩን ያመጣው ሲድኒ ኒውማን የተባለ ካናዳዊ ነው። የቢቢሲ የድራማ ክፍል ኃላፊ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በስፖርቱና በወጣቶች የሙዚቃ ፕሮግራም መሐል ክፍተት ነበረች፤ እሷን የሚሞላ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው ድራማ ፈለገ። ልጆች ታሪክና ሳይንስ እንዲማሩበትም አሰበ።

ለፕሮዲውሰርነት የመረጣት ቬሪቲ ላምበርትን ነው። ከጸሐፊነት ተነስታ የመጣች የ27 ዓመት ወጣት ናት። በጊዜው ቢቢሲ ድራማ ክፍል ውስጥ ሌላ ሴት ፕሮዲውሰር አልነበረም፤ በዕድሜም ከሁሉም ታንስ ነበር። የመጀመሪያውን ታሪክ ዳይሬክት ያደረገው ዋሪስ ሁሴን ደግሞ ሕንድ የተወለደ የ24 ዓመት ልጅ ነው። እስቲ አስቡት፤ በ1963 እንግሊዝ፣ ከላይ እስከ ታች ከረባት ባሰሩ ጎልማሳ ነጭ ወንዶች በተሞላ መሥሪያ ቤት፣ አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ወጣት ሕንዳዊ ስለ ጊዜ ተጓዥ ድራማ ሲሠሩ። ብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

የተሰጣቸውም ነገር ይህንኑ ይመስላል። በጀቱ ለአንድ ክፍል 2,300 ፓውንድ ገደማ ነው። ስቱዲዮው ደግሞ «ላይም ግሮቭ» የሚባል ያረጀ ሕንፃ ውስጥ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ካሜራዎቹ አሮጌና ከባድ፣ የመብራቱ ሙቀት የማይቻል። ሙቀቱ ሲበረታ ጣራው ላይ ያለው የእሳት ማጥፊያ ውሃ ራሱን በራሱ ይለቀቅ ነበር ብለው በቦታው የነበሩ ሰዎች ይተርካሉ።

አሠራሩ ከዛሬው በጣም ይለያል። ሳምንቱን ተዋንያኑ ይለማመዳሉ፤ ከዚያ በአንድ ምሽት 25 ደቂቃው ክፍል ከሞላ ጎደል ሳይቆም ይቀዳል። ቴፑን ማረም ማለት በምላጭ ቆርጦ መቀጠል ስለነበር የሚፈቀደው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ተዋናይ ቃል ቢሳሳት፣ ግድግዳው ቢንቀጠቀጥ፣ በቃ ያልፋል። የመጀመሪያው ዶክተር ዊሊያም ሃርትኔል ቃላት ሲጠፉት ዛሬም ድረስ ይታያል፤ ወዳጆቹ ይህንንም ይወዱታል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 42 ክፍል ሠርተዋል። በየሳምንቱ ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ ጥራት ላይ ቀልድ አልነበረም። የመጀመሪያው ክፍል ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ኒውማን አይቶ አልወደደውም፤ «እንደገና ሥሩት» አለ። ተሠራ። ዛሬ የምናየው የመጀመሪያ ክፍል ያ ሁለተኛው ሙከራ ነው።

ከድህነት የወጡ ሐሳቦች

ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ የዚህ ድራማ ትልልቅ ሐሳቦች ከገንዘብ እጥረት የተወለዱ ናቸው። ታርዲስ በሄደችበት ቦታ ሁሉ አካባቢውን መስላ መልኳን እንድትቀይር ታስቦ ነበር። ግን በየታሪኩ አዲስ ነገር መሥራት ማን ይችላል? ስለዚህ «መቀየሪያው ተበላሽቶባታል» ተባለና ለዘላለም የፖሊስ ሣጥን ሆና ቀረች።

ድምፆቹም እንደዚያው ናቸው። ታርዲስ ስትነሳ የምታሰማው የማቃሰት ዓይነት ድምፅ አለ። ብራያን ሆጅሰን የሠራው የእናቱን የቤት ቁልፍ ያረጀ ፒያኖ ሽቦ ላይ እየጎተተ ነው። መግቢያ ሙዚቃውን የደረሰው ሮን ግሬነር ቢሆንም ወደ ድምፅ የለወጠችው ዴሊያ ደርቢሻየር ናት። በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬው ኪቦርድ ነክቶ የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ማውጣት የለም። አንዲት ሽቦ መትታ ቀዳች፤ የቴፑን ፍጥነት እየለወጠች ድምፁን ቀጭንና ወፍራም አደረገች፤ ከዚያ እያንዳንዷን ኖታ ከቴፕ ላይ በምላጭ ቆርጣ ቀጠለች። ግሬነር ውጤቱን ሲሰማ ተደንቆ ስሟ ከሱ ጋር እንዲጻፍ ጠየቀ፤ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ግን ከለከለ። ስሟ በድራማው ላይ የወጣው በ2013፣ በ50ኛው ዓመት ነው። እሷ በ2001 ሞታለች።

ጭራቆቹንም እንጨምር። ኒውማን «አይኑ የፈጠጠ ጭራቅ እንዳላይ» ብሎ ነበር። ላምበርት ግን ደራሲው ቴሪ ኔሽን የጻፈውን የ«ዳሌኮች» ታሪክ አሳለፈችው። ዳሌክ ማለት በብረት ሣጥን ውስጥ የሚኖር፣ ከሱ ውጭ ያለውን ፍጥረት ሁሉ ማጥፋት የሚፈልግ ፍጡር ነው። አንደኛው እጁ የተዘጋ ቧንቧ የሚከፈትበት ጎማ ነው! ግን የአገሩን ልጅ ሁሉ ሶፋ ጀርባ ደበቀው። የድራማው ተመልካችም ከ10 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። መልኩን የነደፈው ሬይመንድ ኩሲክ ደመወዝተኛ ስለነበር ከዚያ ሁሉ አሻንጉሊት ሽያጭ ያገኘው ትንሽ ጉርሻ ብቻ ነው። ደራሲው ግን መብቱ የራሱ ስለነበር ሀብታም ሆነ።

በ1966 ሃርትኔል ታመመ። ዋናው ተዋናይ ከሄደ ድራማው ያልቃል አይደል? እነሱ ግን «ዶክተሩ ሲያረጅና ሲዳከም ሰውነቱን ይለውጣል» አሉ። አሮጌው ሰው መሬት ላይ ተዘረረ፣ ፊቱ ተለወጠ፣ ፓትሪክ ትራውተን ሆኖ ተነሳ። ድራማው እስከ ዛሬ የኖረው በዚህች ብልሃት ነው።

ታዲያ ይህ ፊቱ የተለወጠበት ክፍል፣ በታሪኩ ትልቁ ክፍል ማለት ይቻላል፣ ዛሬ የለም። የቀረችው የመጨረሻዋ ትዕይንት ናት። እሷም የተረፈችው በ1973 «ብሉ ፒተር» የተባለ የልጆች ፕሮግራም ቆንጥሮ ስለተጠቀመባት ነው።

ታዲያ ማን አጠፋው?

ሌባ አልሰረቀውም፣ እሳትም አልበላውም። ያጠፋው ራሱ ቢቢሲ ነው፤ ያውም በሥርዓት፣ በፎርም፣ በፊርማ።

ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ ቴፑ ውድ ነበር። የዚያ ዘመን የቪዲዮ ቴፕ ሁለት ኢንች ስፋት ያለው ትልቅ ጥቅል ነው። ጥሩ ጎኑ ደምስሶ እንደገና መቅዳት መቻሉ ነው። ለሒሳብ ሹሙ ይህ ቁጠባ ነው፤ ለኛ ግን ጥፋት።

ሁለተኛ፣ የተዋንያን ማኅበር ውል ነበር። ማኅበሩ «የድሮ ድራማ እየደጋገማችሁ ካሳያችሁ አባሎቻችን ሥራ ያጣሉ» ብሎ ስለሚሰጋ፣ አንድ ሥራ የሚደገምበት ጊዜና ብዛት የተወሰነ ነበር። ጊዜው ካለፈ ቢቢሲ እንደ ልቡ ማሳየት አይችልም። የማይታይ ነገር ደግሞ ለምን መደርደሪያ ይይዛል?

ሦስተኛ፣ ቀለም መጣ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባለቀለም ሆነ። ጥቁርና ነጭ ድራማ ያረጀ ዕቃ መሰለ። የቤት ቪዲዮ ካሴት የሚባል ነገር ገና አልተስፋፋም፤ ሰው የድሮ ድራማ ገዝቶ ቤቱ ያያል ብሎ የገመተ አልነበረም።

አራተኛው ከሁሉ ያሳዝናል። ሁለት ክፍሎች አንዱ ሌላውን አምኖ ተኛ። ቴፑን የያዙት «ፊልም ግልባጩ ሽያጭ ክፍል አለ» ብለው ደመሰሱ። ሽያጭ ክፍሉ ደግሞ «ዋናው እዚያ ነው፣ የኛ ውል አልቋል» ብሎ ፊልሙን ጣለ። ሁሉንም ጠብቅ የሚል ሕግም፣ ኃላፊም አልነበረም።

በዚህ መንገድ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት 253 ክፍሎች ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ጠፉ።

መጣሉ የቆመው በ1978 አካባቢ ነው። አንድ ምክንያት ኢያን ሌቪን የተባለ የድራማው ወዳጅ ነው። የሙዚቃ ሰው ነበር። ሽያጭ ክፍሉ ሄዶ ሲያይ የመጀመሪያው የዳሌኮች ታሪክ ፊልም ለመጣል ታስሮ ተቀምጧል። ለምኖ አስቆመ። በዚያው ሰሞን ሱ ማልደን የምትባል ባለሙያ ቢቢሲ ውስጥ «ምን ይቀመጥ፣ ምን ይጣል» የሚለውን እንድትወስን ተሾመች። ሥራዎች እንዴት እንደሚጠፉ ለማጥናት የመረጠችው ምሳሌም «ዶክተር ሁ» ነበር። ባዶ መደርደሪያዎቹን ቆጠረች፤ ፍለጋው ከዚያ ተጀመረ።

ፊልሙ አገር ላገር ሲዞር

እዚህ ጋ ነው አፍሪካም እኛም ወደ ታሪኩ የምንገባው።

ቢቢሲ ድራማውን ለውጭ አገር ሲሸጥ ቴፑን አይልክም። የየአገሩ የቴሌቪዥን አሠራር ስለሚለያይ አይሠራም። ስለዚህ ቴፑን በልዩ ስክሪን ላይ እያጫወቱ በፊልም ካሜራ ይቀርጹታል፤ ሲኒማ ቤት ሰርቆ በስልክ እንደ መቅረጽ፣ ግን በባለሙያና በጥራት። ውጤቱ 16 ሚሊሜትር ፊልም ነው። እንዲህ ያለውን ፊልም የሚያጫውት ማሽን በዓለም ላይ ያለ ጣቢያ ሁሉ ማለት ይቻላል ነበረው።

እነዚህ የፊልም ጥቅሎች በቆርቆሮ ተደርገው ዓለምን ዞሩ። አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ቆጵሮስ፣ ናይጄሪያ፣ ሌሎችም። ከገዙት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1964 ነው፤ «ዶክተር ሁ» ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በኋላ። እስከ 1984 ድረስም ጥቁርና ነጭ ነበር። እንግሊዝ በቀለም ስትደምቅ ለኛና ለመሰል አገሮች ጥቁርና ነጩ ፊልም ገና ሥራ ላይ የሚውል ርካሽ ዕቃ ነበር። ለንደን ያረጀው እዚህ አላረጀም።

ውሉ ግን ጥብቅ ነው። አሳይታችሁ ስትጨርሱ ሦስት ምርጫ አላችሁ ይላል፦ ወይ መልሱ፣ ወይ አቃጥሉና ማስረጃ ላኩ፣ ወይ ቀጥሎ ለገዛው አገር አስተላልፉ። አንድ ፊልም ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየተላለፈ በርካታ አገር የሚያዳርሰው በዚህ መንገድ ነበር።

እስቲ አሁን አስቡት። ውሉን በትክክል ያከበረ ጣቢያ ፊልሙን መለሰ፤ ለንደን ደግሞ የተመለሰውን ጣለ። ሁሉም ቢታዘዝ ኖሮ ዛሬ አንዳቸውም አይኖሩም ነበር። ያተረፈው ያልታዘዘው ነው፤ ትክክለኛው ቃል «የረሳው» ነው። መልስ ሲባል ያልመለሰ፣ አቃጥል ሲባል ክብሪቱን ያላነሳ፣ ቆርቆሮውን መደርደሪያ ላይ ትቶ ሌላ ሥራ የጀመረ የጣቢያ ሠራተኛ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ያገራችን ሰው። ፊልምም እንደዚያው ነው።

ከየት ከየት ተገኙ?

ዝርዝሩን ስታዩት ትገረማላችሁ።

በ1983 ሁለት ክፍሎች ለንደን ውስጥ ከአንድ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተገኙ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ከናይጄሪያና ከቆጵሮስ ፊልሞች ተመለሱ። ከቆጵሮስ የመጣው ስድስት ክፍል ያለው ታሪክ ነው፤ የመጣው ግን አራቱ ነው። ሁለቱ በ1974ቱ ጦርነት እንደጠፉ ይታመናል። ጦርነት ሰው ብቻ አይደለም የሚወስደው።

ከ1991 መጨረሻ እስከ 1992 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆንግ ኮንግ አራት ክፍል ያለው ሙሉ ታሪክ መጣ።

በ2011 ደግሞ የተገኙት ሁለት ክፍሎች አንድ ጡረታ የወጣ የቴሌቪዥን መሐንዲስ ቤት ነበሩ። ከዓመታት በፊት ትምህርት ቤት ባዛር ላይ ከአሮጌ ፊልሞች ጋር ገዝቷቸዋል። ዋጋቸውን ሳያውቅ ሩብ ምዕተ ዓመት አብሯቸው ኖረ።

የኛን ቀልብ የሳበው ግን የአውስትራሊያው ነው። እዚያ ሳንሱር ነበር። ፊልሙ ሲመጣ ሳንሱር ክፍሉ «ይህ ልጆችን ያስፈራል» የሚለውን ትዕይንት በመቀስ ቆርጦ ያወጣል። የቆረጠውንም በማስረጃነት ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል። ሙሉው ክፍል ጠፋ፤ የተቆረጠችው ቁራጭ ግን በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቁጭ ብላ በ1996 ተገኘች። ሰው እንዳያያት የተከለከለችው ትዕይንት ብቻዋን ተረፈች ማለት ነው።

ድምፃቸው ግን አለ። የጠፉት ክፍሎች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ድምፃቸው ተርፏል። ምክንያቱ በየቤቱ የነበሩ ልጆች ናቸው። ቪዲዮ መቅጃ በሌለበት ዘመን የቴፕ ሪከርደራቸውን ማይክ ቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ ላይ ደግነው፣ «እናቴ እንዳታወሪ» እያሉ ቀዱት። ቢቢሲ ዛሬ የጠፉትን ክፍሎች በአኒሜሽን እየሠራ ሲሸጥ የሚጠቀመው እነዚያ ልጆች የቀዱትን ድምፅ ነው።

የኢትዮጵያው ወሬና የጆስ መጋዘን

ወደ 2013 እንመለስ። ፊሊፕ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ አለ፤ ሥራው የጠፉ የቴሌቪዥን ሥራዎችን በየአገሩ እየዞረ መፈለግ ነው። የዚህ ሰው ጉዞ ወሬ ለወራት ሲናፈስ ቆይቶ ነው እንግዲህ «ከ100 በላይ ክፍል፣ ኢትዮጵያ» ሆኖ ጋዜጣ ላይ የወጣው። ኢትዮጵያ ድራማውን ገዝታ ስለነበር ለማመን አልከበደም።

ከቀናት በኋላ ቢቢሲ ጋዜጠኞችን ጠርቶ እውነተኛውን ነገር ተናገረ። የተገኙት የጠፉ ክፍሎች ዘጠኝ ናቸው። ቦታውም ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ አንድ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ጣቢያ መጋዘን ነው። ሞሪስ እንደተናገረው በአቧራ በተሸፈኑ ቆርቆሮዎች መሐል የድራማው ስም የተጻፈበት ተለጣፊ አይቶ ነው ያወቃቸው። ሁሉም የትራውተን ዘመን ናቸው። አንደኛው ታሪክ ትራውተን ዶክተሩንም አምባገነኑንም ሆኖ የተጫወተበት ሲሆን ስድስቱም ክፍል ተሟላ። ሌላው ታሪክ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ የሚካሄድ ነው፤ ከሱ አንድ ክፍል ጎደለ። ሞሪስ መጀመሪያ ፊልሞቹን ሲያገኝ ያ ክፍል አብሮ እንደነበረ፣ በመሐል እንደጠፋ ተናግሯል። አሁን ዋጋው ታውቋልና።

ከዚያ ግኝት በፊት 106 ክፍሎች ጠፍተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ 97 ቀሩ። ጠፍተው ከቀሩት መሐል የማርኮ ፖሎ ታሪክ አለ። ዋሪስ ሁሴን በትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ የቻይናን ቤተ መንግሥት የሠራበት፣ ለብዙ አገር የተሸጠ ሥራ ነው። ሰባቱም ክፍል የለም። የቀሩት ድምፁና በስብስቡ ላይ የተነሱ ፎቶዎች ናቸው።

ለኛ ምን ይለናል?

«የእንግሊዝ ድራማ ጠፋ አልጠፋ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ፣ ብዙ ጊዜ «ፈረንጅ ቅርሱን ይጠብቃል፣ እኛ እናጠፋለን» ስንባል እንሰማለን፣ እኛም እንላለን። ይኼ ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል። ሀብታሙ፣ ሥርዓት ያለው፣ ሁሉን በወረቀት የሚሠራው መሥሪያ ቤት የራሱን ሥራ ደመሰሰ፤ አፍሪካ ውስጥ አቧራ የለበሰ መጋዘን አቆየለት። ማጥፋትም ማቆየትም የዘር ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ «ይህ ነገር ነገ ይፈለጋል» ብሎ የሚያስብ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ያኔ ያጠፉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ሥራቸውን ነው የሠሩት። ቦታ አጥሯቸዋል፣ ቴፕ ተወዶባቸዋል፣ ደንቡ ፈቅዶላቸዋል። ዛሬም በአንድ ቢሮ ውስጥ «ይህ አሮጌ ካሴት ምን ያደርጋል፣ አውጡት» የሚል ሰው ልክ እንደነሱ ቅን ሠራተኛ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ አስፈሪ የሆነው፤ ታሪክ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ቢሮ ሲጸዳ ነው።

ሦስተኛ፣ ያተረፈው ብዛት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር ዋናው ቢሆን እንኳ ጠፍቷል ብላችሁ ቁጠሩት። አገር ላገር የተበተነው፣ ደብዛዛው፣ ሦስተኛ ደረጃ ግልባጭ ግን ተረፈ።

ስለዚህ ቤታችሁ ያለውን ነገር እስቲ ተመልከቱ። አባታችሁ ከቴሌቪዥን የቀዱት የበዓል ፕሮግራም፣ ውጭ ላለ ዘመድ በቪዲዮ ካሴት የተላከ ድራማ፣ የሬዲዮ ትረካ ያለበት የቴፕ ካሴት፣ የሠርግ ቪዲዮ ሳይቀር። የቪዲዮ ካሴት ዕድሜው አጭር ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ይበላዋል፣ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። ከተማ ውስጥ ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ቤቶች ሳይዘጉ አስገልብጡ። ላዩ ላይ ምን እንደሆነና መቼ እንደተቀዳ ጻፉበት፤ የጆሱን ፊልም ያስገኘው ያ ስም የተጻፈበት ተለጣፊ አይደል? ከዚያ ቢያንስ በሁለት ቤት አስቀምጡት፤ አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ ዘመድ ጋ። ከገለበጣችሁም በኋላ ዋናውን አትጣሉ። ነገ የተሻለ ማሽን ይመጣል።

ጣቢያ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ፣ ቢሮ ሊጸዳ ነው ሲባል ቀድማችሁ ድረሱ። ያ ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ ሳይታይ አይውጣ።

እናንተ ቤት ምን አለ? የድሮ ካሴት፣ የድሮ ቅጂ ያላችሁ እስቲ በኮሜንት ንገሩን፤ ምን እንደሆነ፣ የማን እንደነበር። ጽሑፉንም ካሴት ያለው ቤት ላለ ሰው ሁሉ አድርሱልን።